የመሃሉ ክምር

ሬጂና በአካፋዋ በረዶውን እየዛቀች መሃል ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ያለው የጎረቤቷ የኤልዉድ ነው። አሜሪካ፣ ባፋሎ ከተማ ውስጥ ያሉት የእነዚህ ሁለት አሮጌ ቤቶች መኪኖች ወደ ጓሮ የሚገቡት በአንድ ጠባብ መግቢያ ነው። ግማሹ መሬት የእሷ፣ ግማሹ የእሱ ሲሆን ሁለቱም በሙሉው የማለፍ መብት እንዳላቸው በቤቶቹ ውል ላይ ሰፍሯል። ውሉ ስለ በረዶ ግን ምንም አይልም።

ካቻምና የኤልዉድ በረዶ እየፈጨ በአፉ የሚተፋ መጥረጊያ ሞተር አንድ የበረዶ ጓል አስፈንጥሮ ደጇ ላይ የቆመችውን የማርያም ሐውልት አፍንጫ ሰበረባት። ሰውዬው ይቅርታ በማለት ፈንታ "ድሮም ተሰንጥቆ ነበር" አላት። ከዚያ ወዲህ እሷ ግማሿን፣ እሱ ግማሹን ብቻ ይጠርጋሉ፤ መሃል ላይ ተከምሮ የሚቀረውን የሚነካው የለም። ግማሽ መንገድ ደግሞ መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ ሁለቱም ክረምቱን ሙሉ መኪናቸውን አስፋልት ዳር እያቆሙ በመስኮት ይገላመጣሉ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ግን ሬጂና ቤቱን ልትሸጥ ነው። ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ልጇም ደረጃ የሌለው ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀቻት ነው። ገዢዎቹ በዋጋው ተስማምተዋል፣ ባንኩ ግን የሚልከው የቤት ዋጋ ገማች ከሚለው በላይ አያበድራቸውም። ደላላው ጠዋት ደውሎ አስጠንቅቋታል። መግቢያው የጋራ መሆኑ ብቻውን አይጎዳም፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ጠብ ያለበትና መኪና የማያልፍበት ከሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል፣ ሽያጩም ይፈርሳል። ገማቹ ከምሳ በፊት ይደርሳል።

ክምሩን በአካፋው መታችው። ድንጋይ ሆኗል። ደግማ ስትመታው ጉልበቷ ከዳት። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ የኤልዉድን በር አንኳኳች።

"የቤት ገማች እየመጣ ነው" አለችው ገና በሩን ሲከፍት። "ያ ክምር ካልተነሳ ቤቴ አይሸጥም።"

"ልትሄጂ ነው እንዴ?"

"ደረጃው አቃተኝ፣ ኤልዉድ።"

"ታዲያ እኔ ከማን ጋር ልኮራረፍ?" አለና በሩን ዘጋው።

ሬጂና አለቀልኝ ብላ ደረጃውን በእንብርክክ ልትወርድ ምንም አልቀራት። ታችኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ከጓሮ በኩል ሞተር ሲነሳ ሰማች። ኤልዉድ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ የሞተሩን አፍ ከማርያም አርቆ ወደ ራሱ ግቢ አዙሮ፣ ክምሩን እየፈጨ መጣ።

ገማቹ ሲደርስ የመግቢያው ጥቁር አስፋልት ከዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር። መግቢያውን በሜትር ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ጋራዡን አየ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሮ፦

"በረዶውን ማነው የሚጠርገው?" ሲል ጠየቀ።

"እኔ" አለች ሬጂና።

"እኔ" አለ ኤልዉድ በዚያው ቅጽበት።

ገማቹ ሳቅ አለ። "የቤቱን ግምት ከባንኩ ይሰሙታል፣ እማማ። በመግቢያው ምክንያት ግን የምቀንሰው ነገር የለኝም።"

የሬጂና አንጀት ቅቤ ጠጣ። እፎይ ብላ የበረንዳውን ምሰሶ ተደገፈች፤ እንባዋም መጣ፣ አልደበቀችውም። ገማቹ ሲሄድ ኤልዉድ ሞተሩን እየገፋ ሐውልቷ ዘንድ ሲደርስ ቆመና የማርያምን የተሰበረ አፍንጫ በጓንቱ ጠረገው።

"ድሮም ተሰንጥቆ አልነበረም" አለ፣ ሬጂናን ሳያያት።

"አውቃለሁ" አለችው።

እሱ ከገባ በኋላ በረዶው እንደገና ይጥል ጀመር፤ ስስና ቀላል በረዶ ነው። ሬጂና የበረንዳዋን መጥረጊያ አነሳች። መሃሉን አልፋ ሄደችና ከኤልዉድ ደጅ መጥረግ ጀመረች።