ሁለቱ ሦስት ቁጥሮች

ምድር ወለል የምትኖረው ልብስ ሰፊ እንደምትለው ሦስት ቁጥር የፍሳሹ ቧንቧ ነው፤ በዓይኗ አይታ በእጇ ጽፋለች። አራተኛ ፎቅ ያለው ታክሲ ነጂ እንደሚለው ደግሞ ሦስት ቁጥር ሊፍቱ ነው፤ እሱም በዓይኑ አይቷል። የሕንፃው ነዋሪዎች አቅም ለአንድ ጥገና ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ከድምፅ መስጫው ሳጥን የወጡት ወረቀቶች አብዛኞቹ ደግሞ «ሦስት» ይላሉ።

«መነጽር ግዛ!» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ዓይኑ ያለቀውማ ክር በመርፌ ሲያሾልክ የኖረ ነው!»

የኮሚቴው ጸሐፊ የሆነው ወጣት ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ያሳያቸውን ስላይዶች ወደ ኋላ መለሰና ነገሩ ወዲያው ገባው። ዘጠኙን የጥገና ሐሳቦች በአንድ ስላይድ ላይ ደርድሯቸው ነበር። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ «ይሄ ፊደል ነው ጉንዳን? አተልቀው እንጂ ልጄ» አሉት። ሲያተልቀው ዝርዝሩ ከስላይዱ ተርፎ ወረደ። የመጨረሻዎቹን አራቱን ቆረጠና ሁለተኛ ስላይድ ላይ ለጠፋቸው። ኮምፒውተሩ ግን አዲስ ዝርዝር መስሎት ቁጥሩን እንደገና ከአንድ ጀመረ። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ሦስተኛው ቧንቧው፣ ሁለተኛው ላይ ሦስተኛው ሊፍቱ ሆነው አረፉት።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለና አሳያቸው።

ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሱ።

«በቃ! የጻፈው እሱ ነው፣ እሱ ይወስን። እናቱ ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ከስድስተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም። ሊፍት ነው ቢል ማን ይከፋዋል?»

«እኔ ነኛ የሚከፋኝ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምጿ ግን ዝቅ ብሏል። ፍሳሹ ቤቷ በገባ ቁጥር የሰው ልብስ ታቅፋ ጠረጴዛ ላይ እንደምትወጣ የማያውቅ አልነበረም።

ሁሉም ወደ ወጣቱ ዞረ። «ሊፍት» ቢል እናቱ ነገ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። በደንቡ ድምፅ የሚሰጠው ስብሰባው ላይ የተገኘ ብቻ ስለሆነ፣ ሳትመርጥ የቀረችውም እሷ ነበረች።

ሁለተኛው ስላይድ ላይ ቁጥሩን ከስድስት አስጀመረው፤ ሊፍቱ ስምንተኛ ሆነ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ቀደዳቸው።

«እንደገና እንመርጣለን» አለ። «ግን ትንሽ ጠብቁኝ፤ እናቴን አዝዬ ላውርዳትና እሷም ድምጿን ትስጥ።»