ፀሐይዋ ሳትሄድ

«እትዬ፣ ሰው ፊት እንዲህ አይሆንም። ተቀመጪ።»

ውበቴ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ አስቀመጠቻት። ይርገዱ ከሐዘን ፍራሿ ስትነሣ ዛሬ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ውበቴ የሟቹ የስጦታው ታናሽ እህት ናት። መርዶው ሲደርሳት ከሞጣ ደረቷን እየደቃች መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለቅሶው በወጉ እንዲሄድ ዘበኛ ሆናለች። ባል የሞተባት ሴት ሰልስት ሳይወጣ ግቢ ለግቢ አትዞርም፤ እዚህ ቢቸናም እዚያ ሞጣም ይኸው ነው።

«አግዳሚው ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«የሞተበት? ምን ልትሠሪ?»

ንፍሮ የያዙት ጎረቤቶች ተያዩ። ይርገዱ አንዷን «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል» ስትል ሰማቻት።

ስጦታው ሃያ ስድስት ዓመት የውኃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖረ። በየሰው ግቢ ገብቶ ቁጥር ጽፎ መውጣት ነው ሥራው፤ እሱ ግን ጉንዳን እንቁላሏን ተሸክማ ስትጓዝ ካየ ቆሞ ይቀራል። አንዴ ለሰርግ ወደ ሞጣ ሲሄዱ የአውቶብሱ ጎማ ተንፍሶ ቢቆም፣ ሰውዬው እበት የምታንከባልል ጢንዚዛ ተከትሎ ማሳ ገባ። ረዳቱ እየጮኸ ሲጠራው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ይርገዱ ሲዞር፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ነይማ እዪ» ከአፉ አትጠፋም። የእሷም መልስ ያው ነው፤ «ሥራ ይዣለሁ።»

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይም በር ላይ ካለው አግዳሚ ሆኖ ጠራት።

«ይርገዱ፣ ነይማ እዪ። ፀሐይዋ ሳትሄድ።»

«እጄ በርበሬ ነው፤ ቆይ።»

አንዴ ደገመ። በርበሬዋን ቀንጥሳ ጨርሳ ስትወጣ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን እንደከፈተ አልፏል።

ልብ ነው አሉ። ይሁን። እሷን እንቅልፍ የነሣት ሌላ ነው፤ ምን ሊያሳያት ነበር? ለቀስተኛው ስለ ደግነቱ ሲያወራ እሷ ይህንኑ ታብሰለስላለች። በመስኮት እንዳታይ ከቤቱ እስከ ማድቤቱ የተወጠረው የእድር ድንኳን ሁሉን ጋርዶታል።

ሰልስቱ ዛሬ ነውና ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሡ መጡ። ሸራው ሲወርድ ብርሃኑ እስከ ፍራሿ ገባ። ይርገዱ ይህን ጊዜ ማንንም አላስፈቀደችም። ወጥታ፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ሳህኖች ገፋ አድርጋ፣ እሱ በነበረበት ቦታ ተቀመጠች። ግድግዳውን ተደግፋ አንገቷን ቀና አደረገች።

የማድቤቱ አሸንዳ ላይ ጤፍ በቅሏል። ንፋስ ይጣለው ወፍ እንጃ፤ አምስት ስድስት ዘለላ ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ስትመላለስ አንድ ቀን ቀና ብላ አላየችም። ፀሐይዋ ከኋላው ዝቅ ስትል እያንዳንዷ ዘለላ ለብቻዋ በራች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትነፋውና ስታቦካው የኖረችው ጤፍ እንዲህ ያምራል ብላ አስባ አታውቅም። ለዚህ ነበር የጠራት። እጇን መታጠብ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር።

መሰላል ላይ ሆኖ ገመድ የሚፈታው የእድሩ የኔሰው፣ «እትዬ ይርገዱ፣ ይችን ሣር በዚያው ልንቀልዎት?» አላት።

«ተዋት። እንዳትነካት።»

ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰችው ለሰው ዓይን ነበር ማለት ይቻላል።

ውበቴ ከበርሜሉ አጠገብ ብርጭቆ እያጠበች አየቻት። «ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ነይማ እዪ።»

«ቆይ፣ የእድሩን ብርጭቆ ልጨርስ።»

ፀሐይዋ የማድቤቱን ጣራ ልትነካ ስንዝር ቀርቷታል። ይርገዱ ተነሥታ ሄደች፤ ሳሙና የሆነውን እጇን ያዘችና እየጎተተች አምጥታ የስጦታው ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ በአንድ ጣቷ አገጯን ቀና አደረገችላት።