ተሸጋጋሪ

የከተማውን ምክር ቤት ሰነዶች የሚጽፈውን ሰው ባልደረቦቹ «ብዕረ ቅቤ» ይሉታል። የሻከረ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ካለፈ ይለሰልሳል፤ ግብር ሲጨመር «ማስተካከያ»፣ ሠራተኛ ሲባረር «ሽግሽግ» ይሆናል። ቅጽል ስሙን ጠልቶት አያውቅም፤ እንዲያውም ደስ ይለው ነበር።

ዘንድሮ ምርጫው ሦስት ወር ሲቀረው ከንቲባዋ አስጠራችው።

«ቃል የገባነው ነጻ አውቶቡስ፣ የጡረታ ጭማሪ፣ ሁሉም በብድር ነው» አለችው። «ብድር የምትለዋን ቃል ግን ሕዝቡ አይወዳትም።»

ሁለት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንዲት ቃል አገኘ። ለየቤቱ በሚታደለው ወረቀት ላይ «ወጪው በተሸጋጋሪ ሂሳብ ይሸፈናል» ብሎ ጻፈ። ወደ ማን እንደሚሸጋገር፣ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ አልጻፈም።

ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው በዕቅዱ ላይ እጅ አውጥቶ ሊወስን አዳራሹን ሞላው። ጸሐፊው ማብራሪያ ሊሰጥ መድረኩ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ተቀምጧል። ጡረታ የወጡት መካኒክ አባቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ ደህናውን ፍሬን ተበላሽቷል ብለው ማንንም አስከፍለው አያውቁም፤ ሰፈሩም የሳቸውን እጅ አይቶ ነው እጁን የሚያወጣው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ተነሳች። «ይሄ ተሸጋጋሪ የምትሉት ብድር ነው እንዴ? በሚገባን ቋንቋ ንገሩን እንጂ!»

ጸሐፊው ማይክሮፎኑን ሳብ አደረገ። ከንቲባዋ በጎን አየችው። አፉን ሳይከፍት አባቱ ብድግ አሉ።

«ይሄን የጻፈው የኔ ልጅ ነው» አሉ ለሕዝቡ። «ብድር ቢሆን ብድር ነው ይላል። ልጄ አይዋሽም።» ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረው ዓይን ዓይኑን አዩት። «አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ብድር» የምትል ባለ ሦስት ፊደል ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅበት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት ግን እንዲህ ላለው ሰው ስትከፈት ታይቶ አይታወቅም።

«ተሸጋጋሪ ነው» አለ በመጨረሻ።

ከንቲባዋ ጊዜ አላጠፋችም፣ ድምፅ ይሰጥ አለች። መጀመሪያ የወጣው የአባቱ ቀኝ እጅ ነው፣ ቀስ ብሎ። ልብስ ሰፊዋ እሳቸውን አይታ አወጣች፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተከተለ።

አባትና ልጅ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። አባትየው ቀኝ እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ ከትተው ነበር።

«አባባ፣ ተሸጋጋሪ ማለት እኮ...» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ።

«አውቃለሁ። ወረቀቱ የደረሰኝ ዕለት ነው የገባኝ። እዚያ የተነሳሁት እውነቱን እንድትናገር በር ልከፍትልህ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ እጅዎን ለምን አወጡ?»

አባትየው ቆሙ። «ልጄ አይዋሽም ካልኩ በኋላ ምን ላድርግ? በሰው ፊት ላዋርድህ?»

የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ ልጁ ግን የራሱን ለአባቱ አሸክሟል።

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ እየሮጠች ደረሰችባቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ! እርስዎ ባይነሱ ኖሮ ግራ ገብቶኝ ነበር» ብላ እጇን ዘረጋች።

አባትየው ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። በግራቸው ጨበጧት።