ስመለስ አነሳቸዋለሁ

ሁለት ተሳቢ መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ሞልተው ሲመጡበት፣ ስለሺ ሞተሯን ከአስፋልቱ አውጥቶ አሸዋው ውስጥ ከተታት። የፊት ጎማዋ ሰመጠና በጉልበቱ ወደቀ። መኪኖቹ ትኩስ አቧራ አልብሰውት አለፉ። ሊቀድም የነበረው ሹፌር ጭራሽ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም አለው።

«ሰላም ይንሳህ» አለ ስለሺ፣ እንደማይሰማው እያወቀ።

አሰብ ከመጣ ጀምሮ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ቆጥሮት አያውቅም። የነዳጅ ማጣሪያው የፓምፕ መካኒክ ነው። ይህችን አሮጌ የጣሊያን ሞተር የገዛት የሥራ ሽፍት እንዳያመልጠው ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን እግሩ ሆና ቀረች። የከባድ መኪና ሹፌሮች ሞተር የሚባል ነገር አይታያቸውም። ቢታያቸውም እንደ ዝንብ ነው፤ ራሷ ዞር ትበል ብለው ይነዳሉ።

ዛሬ ግን መውደቅ አልነበረበትም። ቻለውን ሊያመጣ ነው የሚሄደው።

ቻለው ውሻ ነው። ማጣሪያው ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ አምና ሲጀመር፣ ከመሐል አገር የመጣው ሠራተኛ ጓዙን እየጠቀለለ መሄድ ያዘ። ከእነሱ አንዱ፣ የተማረ መሐንዲስ፣ ውሻውን በር ላይ ከነሰንሰለቱ ትቶት ሄደ። ስለሺ ሲደርስ ውሻው ምላሱ ደርቆ መጮህ እንኳ አቅቶት ነበር። ሰው የበላውን እንጀራ ይረሳል፤ የጠበቀውን ውሻ እንዴት ይረሳል? ይህ ነገር ስለሺን እስከ ዛሬ ያናድደዋል።

ከዚያ በፊትም የሰው ትራፊ ሲያሳድግ ነው የኖረው። በሰማንያ ሦስቱ ግርግር በጀልባ ወደ የመን የሸሸ መኮንን ቤት የተረፈች ድመት ነበረችው፤ የወደቡ መግቢያ ላይ መኪና ጨፈለቃት። ቀጥሎ አንድ ቡና ቤት ሲዘጋ የተጣለ ጃክ የሚባል ውሻ አመጣ፤ እሱንም ሳያይ ወደ ኋላ የሚነዳ ቦቴ በላው። ያን ጊዜ ሚስቱ ጥላነሽ፣ ከእንግዲህ እንስሳ ይዘህ የገባህ ቀን እኔ እወጣለሁ ብላ ነበር። ቻለውን ይዞ ሲገባ አኮረፈች። ግን ልጃቸው ናዝራዊት ከውሻው ጋር ሰሌን ላይ ተቃቅፋ ተኝታ ስታገኛት፣ ለሁለቱም እራት ቀንሳ አስቀመጠች። ቻለው ሞተሯ ኋላ ላይ በታሰረች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ጆሮውን ንፋስ እያማታው፣ ከተማውን እንደ ሹም ይዞር ጀመር።

አሁን የመሄድ ተራው የስለሺ ሆነ። ጥላነሽና ናዝራዊት ቀድመው ኮምቦልቻ ገብተዋል። እሱ የማጣሪያውን ቤት ቁልፍ አስረክቦ የሰው ቤት ስለተጠጋ፣ ቻለውን ከከተማው ውጭ መንገድ ዳር ሻይ ለምትሸጠው ለከይሪያ አደራ ሰጣት። ስልክ ሲደውል ናዝራዊት አባቷ ደህና መሆን አለመሆኑን አልጠየቀችም። «እንደነዚያ ሰዎች ትተኸው እንዳትመጣ» ነው ያለችው። አልተወውም ብሎ በእናቱ ስም ማለላት።

ችግሩ ውሻ የሚጭን ሹፌር ማግኘት ነበር። ያነጋገራቸው ሁሉ ጋቢናዬን ያገማብኛል እያሉ እምቢ ሲሉት፣ የጥላነሽ ወንድም ውብሸት እሺ አለ። ውብሸት ዛሬ ጠዋት ነው በከባድ መኪናው ከአዲስ አበባ የገባው። ረዳቱ ወባ ይዞት ሚሌ ቀርቷል። አሰብ ሊገባ ሲል፣ ጥቁሩ ቁልቁለት የሚባለው ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ ብቻውን ሲታገል አድሮ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ነበር የደረሰው። እንደዚያም ሆኖ ስለ ውሻው ሲጠየቅ ሳቀ፤ ነገ ማለዳ ጭነቴን ይዤ ስወጣ ሁለታችሁንም ከጎኔ አስቀምጣችኋለሁ አለ። ስለሺ በደስታ የሚለው ጠፍቶት ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

አሸዋውን ከልብሱ አራግፎ ሞተሯን አስነሳ። ጥቁሩ ቁልቁለት ጋ ሲደርስ ድንጋዮቹን አያቸው።

ሹፌር መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽበት ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፤ ለሚመጣው ምልክት ነው። ጎማው ሥርም እንዳይንሸራተት ታኮ ያደርጋል። ደግ ልማድ ነው። ክፉው፣ መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው መቅረቱ ነው። ጎማው የተቀየረለት ሰው ለመሄድ ይቸኩላል እንጂ ድንጋይ ትዝ አይለውም። እነዚህም ወደ አሰብ በሚያስገባው በኩል፣ ከአስፋልቱ ዳር ጀምሮ ተደርድረዋል። አጠገባቸው የተተለተለ ጎማ ወድቋል። የውብሸት ጎማ ነው፤ ቦታውን ጠዋት ነግሮት የለም?

ስለሺ የሚሄድበት በኩል ግን ንጹሕ ነበር። የሞተሯ መብራት ደካማ ስለሆነ ሳይመሽ መመለስ ፈልጓል። «ስመለስ አነሳቸዋለሁ» አለና አለፈ።

ቻለው የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ለይቶ ከከይሪያ ዳስ እየበረረ ወጣ። ከይሪያ ሻይ ቀድታ፣ ውሻው ፍየሎቹን እንደለመደ፣ እሱ ከመጣ ወዲህ ጅብ በአካባቢው ዝር እንዳላለ አጫወተችው።

«ለእኔ ተወው» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ጥላ አለው፣ ሥራ አለው። መንገድ ለእሱ አይሆንም። እነዚህ ሹፌሮች እዚህ ሲደርሱ ውሃ የሸተተው ግመል ናቸው፤ ፊታቸው ያለውን አያዩም።»

«ለልጄ ምያለሁ፣ ከይሪያ።»

«ልጅ ትረሳለች።»

«የእኔዋ አትረሳም።»

አልተከራከረችውም። የቻለውን አንገት አሻሽታ፣ በአላህ አማና፣ በሰላም ግቡ አለቻቸው። ቻለው ማንም ሳያዘው ሣጥኑ ውስጥ ዘሎ ገባ።

ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ከኋላቸው እየጠለቀች ነበር። ስለሺ ድንጋዮቹን አልረሳም። ሊያቆም ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር፤ በኋላ ራሱን ሲከስ ይህችን አጥብቆ ያዛት። በዚያው ቅጽበት ከታች ጭነው የሚወጡ ሁለት መኪኖች ብቅ አሉ። የኋለኛው የፊተኛውን ሊቀድም ብሎ ወደ ስለሺ መስመር ገባ። ክላክሱን ለቀቀው፤ ፍሬን ማለት ለእነሱ ክላክስ ነው። በግራ መኪና፣ በቀኝ ድንጋይ። ስለሺ ወደ ቀኝ ሸሸ።

ሞተሯ የመጀመሪያውን ድንጋይ መታች። እሱ ጠጠሩ ላይ ሲንከባለል፣ ሣጥኗ ከነውሻው ተገንጥላ ወደ አስፋልቱ መሐል ተወረወረች። የተሳቢው የኋላ ጎማ ሲያልፍባት የተሰማው የእንጨት ድምፅ ብቻ ነው። መኪናው አልቆመም። ሹፌሩ ባዶ ሣጥን የረገጠ መስሎት ይሆናል።

ቻለው ወዲያው አልሞተም። ስለሺ እየዳኸ ደርሶ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አደረገለት። ውሻው እጁን ላሰው። ባይልሰው ይሻል ነበር። ስለሺ ለእናቱ ሞት እንኳ እንደዚያ ጮሆ ያለቀሰ አይመስለውም።

ትንፋሹ ሲያልቅ ከመንገዱ አርቆ አስተኛው። ያ መሬት ለመቆፈር አይመችም፤ ድንጋይ መከመር ብቻ ነው። እያነከሰ ወደ አስፋልቱ ተመለሰና ሌሊት የተደረደሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ አነሳቸው። ለታኮ የዋለው ትልቁ ድንጋይ ላይ ጎማው የታተመበት ጥቁር ምልክት ነበር። እሱን መጨረሻ ላይ ከላይ አደረገው።

ውብሸት መኪናውን ወደቡ አጠገብ አቁሞ እየጠበቀው ነበር። ጋቢናውን ጠርጎ፣ ከወንበሩ ፊት ንጹሕ ጆንያ አንጥፎ፣ በተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ ውሃ ቀድቷል። ስለሺ የተጣመመችውን ሞተር እየገፋ፣ ሱሪው ደም ሆኖ ሲመጣ አየና ሮጦ ያዘው፤ ደግፎም ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠው። ስለሺ፣ መኪና መስመሬን ዘጋብኝ፣ ቻለው ሞተ አለው። ስለ ድንጋዮቹ አላነሳም።

ውብሸት መሪውን በቡጢ መታ። የሹፌር ዘር የተባለውን ሁሉ ረገመ። ታርጋውን አይተህ ቢሆን ኖሮ፣ አለ፣ ሚሌም ይሁን ሎጊያ ደርሼበት የክራንክ ብረቱን አናቱ ላይ አሳርፍ ነበር። ውሃ አጠጣው፤ ጉልበቱን በጨርቅ አሰረለት። ከልቡ ነው ያዘነው።

«ናዝራዊትን እንዋሻት» አለ። «ሻይ ሻጯ ጋ ቀረ፣ ፍየል ይጠብቃል እንበላት። ምን ታውቃለች?»

ስለሺ የከይሪያ ቃል ትዝ አለው። ሊሆን ይችል የነበረው እኮ ይኸው ነው።

«የቱ ጋ ነው የሆነው?» አለ ውብሸት።

ስለሺ የተነጠፈውን ጆንያ አየ። ከዚህ ሰው ጋር ነገ አንድ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ እስከ ኮምቦልቻ ይሄዳል። የሚስቱ ወንድም ነው። ሁሉም እምቢ ሲል እሺ ያለ እሱ ብቻ ነው። ወደብ በር ላይ ነው ቢለው ማን ይጠይቀዋል? ነገርን ውጦ ማደር ለስለሺ አዲስ አይደለም። ግን ነገ በዚያ ቁልቁለት ሲያልፉ ዓይኑን የት ያደርጋል? ውብሸትስ ነገ ሌላ ቦታ ጎማ ቢፈነዳበት?

«ጎማህ የፈነዳበት ቦታ» አለ። «በድንጋዮችህ ነው የከደንኩት።»

ውብሸት የተረፈውን ጨርቅ እንደያዘ ቀረ። ቁልቁል በጎማ የጠቆሩ እጆቹን ያይ ጀመር።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለ። «እንቅልፍ...»

«አውቃለሁ። እኔም ቀን አይቻቸዋለሁ። ስመለስ አነሳቸዋለሁ ብዬ አለፍኩ።»

ከወደቡ በኩል የክሬን ድምፅ ይሰማል። ውብሸት በቆርቆሮው ያለውን ውሃ መሬት ላይ ሊደፋው አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ለጥላነሽ ትነግራታለህ?»

ስለሺ ጆንያውን አጥፎ ከወንበሩ ሥር ከተተው።

«ለእህትህ አንተ ትነግራታለህ» አለ። «ለናዝራዊት እኔ እነግራታለሁ።»