ታውኖ ቤቱን ሊሸጥ ነበር

ወንድሜ ታውኖ ግትር ነው። እኔም አላንስም፤ ከአንድ ድንጋይ ነው የተፈለጥነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅነው በአንድ ነገር ነው፦ መዳብ ከመሬት በታች ዝገት ይበላዋል፣ አይበላውም።

እኔ የኬሚስትሪ ሰው ነኝ። እዚህ ፊንላንድ የኑክሌር ጣቢያችን ቆሻሻ በመዳብ በርሜል ታሽጎ፣ ዙሪያውን ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ፣ ዓለት ውስጥ በጥልቀት ይቀበራል። እዚያ ታች ኦክስጅን የለም፤ ኦክስጅን የሌለው ውኃ ደግሞ መዳብን አይደፍርም። ሸክላውም የያዘውን አይለቅም። ይህንን ለመፈተን ነበር ከሃያ ዓመት በፊት ቆሻሻ የሌለበት ባዶ የመዳብ ቱቦ የቀበርነው።

ቱቦውን የቀበርንበት፣ ወደፊት ቆሻሻውም የሚገባበት ዋሻ ከአባታችን እርሻ አይርቅም፤ እዚያ የሚኖረው ታውኖ ነው። "ቱቦው ተበልቶ ከወጣ ቤቱን ሸጬ እሄዳለሁ" ብሎ ማለ። ያደርገዋል፣ አውቀዋለሁ። የተወለድኩበትን ቤት፣ አያቴ በእጁ ከሠራው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ከሳውናው ጋር፣ ለባዳ!

ቱቦው በሚወጣበት ቀን ታውኖን ይዤ ወደ ዋሻው ወረድኩ። በዓይኑ ካላየ አያምንማ።

ቆፋሪያችን ኤርኪ ሸክላውን እንደ ሳሙና እየቆረጠ አነሳው። መዳቡ ብቅ አለ። ትንሽ ጠቆር ከማለቱ በቀር ደህና ነው። ደስታዬን ልጀምር ስል ኤርኪ "ቆይ ቆይ" አለ። ቱቦው ወገብ ላይ አረንጓዴ ጠባሳ አለ፤ መዳቡ እዚያ ጋ ተቦርቡሯል።

"ይኸውልሽ እህት ዓለም" አለ ታውኖ። ደስ እንኳ አላለውም። "ቤት ገዢ ፈልጊልኝ እንግዲህ።"

መብራቱን አስጠግቼ አየሁት። ጠባሳው በማዕዘኑ የቆመ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ይህንን ቅርጽ የማያውቅ ፊንላንዳዊ ገና አልተወለደም።

"ታውኖ፣ ፓኮህን አምጣ።"

"የምን ፓኮ?"

"ከኪስህ የማይጠፋውን ነዋ።"

ሳልሚያኪ ነው፤ ጨው ጨው የሚል ጥቁር ከረሜላ። ጨውነቱ አሞኒያ ካለበት ጨው ነው፣ መዳብ ደግሞ ከአሞኒያ ጋር አይስማማም። አንዷን አንስቼ ጠባሳው ላይ አስቀመጥኳት። ልክክ አለች።

"ስንቀብር መጥተህ ለሁላችንም ስታድል ነበር" አለው ኤርኪ። "አንተ እጅህን ሳታወናጭፍ መቼ አውርተህ ታውቃለህ? አንዷ ያኔ አምልጣህ ሸክላው ውስጥ ገብታለች።"

የታውኖ ጆሮ ቀላ። "ያም ሆነ ይህ ተበልቷል" አለ።

"ያስበላኸው አንተ ነህ። ይልቅ ዙሪያውን እየው።"

ከጠባሳው አንድ ጣት አለፍ ብሎ መዳቡ ንጹሕ ነው። ሸክላው ላይ ያለው ጥቁር እድፍም እዚያው ቆሟል። ሸክላው ሃያ ዓመት አንዲት ከረሜላ ይዞ፣ ጎረቤት እንኳ አላደረሳትም።

ታውኖ ንጹሑን መዳብ በጣቱ ዳሰሰው፣ ደግሞ ዳሰሰው። ከዚያ አንድ ሳልሚያኪ አወጣና ወደ አፉ ሊያደርግ ሲል ቱቦውን አየ። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ጎረሰ። ኤርኪ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እኔም ሳቅና እንባ ተቀላቀለብኝ።

ስንወጣ አሳንሰሩ ውስጥ ፓኮውን ዘረጋልኝ።

"የሳውናው ጣሪያ ያፈሳል" አለ። "ቅዳሜ መዶሻ ይዘሽ ነይ።"