የማዮ ኤሊዎች አይሞቱም

ማዮ ደሴት ላይ ሞት የባሕር ኤሊን የሚረሳው ለምንድን ነው? ሊዝበን ተምራ፣ የኤሊ ቆጠራውን ልትመራ በቅርቡ የተመለሰችው አርሊንዳ ለዚህ መልስ አልነበራትም። የመንደሩ ሰው ጎህ ሲቀድ ዳርቻ ይወርድና እንቁላል ጥለው የሚመለሱትን ኤሊዎች ጉንጭ በስልኩ እያነሳ ለቆጠራው ይልካል። የጉንጫቸው ቅርፊት እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ስልኩ በሱ ይለያቸዋል፤ አዲስ ያገኘ ሰው ስም ያወጣላታል። ስም እንደ ጉድ ተልኳል፤ የሞተች ኤሊ ግን አንድም አልተላከች። ባሕርን በቢሯቸው መስኮት የሚያውቁት የሊዝበን አለቆቿ በዚህ ተደሰቱ። ኤሊው ካልሞተ ጠባቂ ምን ያደርጋል? ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ፣ ሞተረኞችን ከአሸዋው የሚያባርሩት ጠባቂዎች ይሰናበታሉ።

አንድ ጠዋት አርሊንዳ ጎማ የደፈጠጣት ኤሊ አገኘች። ጎረቤቷ እትዬ ቢቢኛ ሬሳው አጠገብ ቆመዋል፤ ስልካቸው ከኪሳቸው አልወጣም።

«አያነሷትም እንዴ?»

«የሰው ስም ይዛ? ስም ያወጣንላቸው እኮ ውጭ አገር ባሉት ልጆቻችን ነው። የኔዋ ፊሎሜኖ ናት፤ ይቺ እሷ ብትሆንስ? ሞተች ብዬ ልጄ ላይ ላሟርት?»

አርሊንዳ ሳቀች፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «ለካ ሬሳ ስትደብቁ ነው የከረማችሁት። ፊሎሜኖ ቦስተን ቁጭ ብሎ ዶሮውን ይበላል፣ እርስዎ እዚህ ለኤሊ ነፍስ ይጨነቃሉ።»

«ይብላ። እኔ አፌን ስለያዝኩ ነው የሚበላው።»

«ሳይንሱን ለጠንቋይ አስረክበነዋል በሉኛ» አለችና ተንበርክካ የኤሊዋን ጉንጭ በስልኳ አነሳች። ስልኩ ጥቂት ቆይቶ ስሟን አሳየ፦ ቫልዲር። ስም ያወጣላት፦ የአርሊንዳ አባት።

ቫልዲር ወንድሟ ነው። ሮተርዳም መርከብ ላይ ይሠራል፤ ከፋሲካ ወዲህ አልደወለም።

«ለሴት ኤሊ ቫልዲር» አለች ልትስቅ እየሞከረች። «አባባም አበዙት።»

«ላኪያ» አሉ እትዬ ቢቢኛ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«ሞታለች» የሚለው ምልክት አውራ ጣቷ ሥር ነበር። ጠባቂዎቹን ለማቆየት አንድ መንካት ይበቃል።

«እልካለሁ። መጀመሪያ ግን…» አለችና ለወንድሟ ጻፈች፦ «ቫልዲር፣ ደህና ነህ?»

መልሱን ልትጠብቅ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። እትዬ ቢቢኛ በእግራቸው አሸዋ እየገፉ ኤሊዋን መቅበር ጀመሩ።

ዓመቱ አልቆ ጠባቂዎቹ ተሰናብተዋል። ሞተረኞቹ እንዳሻቸው ይጋልባሉ፤ ሊዝበን ላሉት አለቆች የማዮ ኤሊዎች ዛሬም ደህና ናቸው። ቫልዲር እስካሁን አልመለሰም።