ከበሩ ጀምረሽ ንገሪኝ

ሉጥፊያ የአራተኛውን ስላይድ ግማሽ እንዳስረዳች የውጭው በር ሁለት ጊዜ በቀስታ ተንኳኳ። ማይክሮፎኑን ዘጋች። ከጦርነቱ ወዲህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ በቀስታ የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው። ታጣቂዎቹ አያንኳኩም፤ በእግራቸው ነው የሚመቱት።

እናቷ ሀጀራ በሩን ገርበብ ስታደርግ፣ ከማዶ ሻይ ቤት የነበራት ዘርፈሽ ሾልካ ገባች።

«ከጥጉ ጀምረዋል» አለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ቤት ለቤት ነው። ስልክ ያስከፍታሉ፣ ኮምፒውተር ያስከፍታሉ። ጎረቤታችንን ይስማውን የድልድይ ፎቶ አገኘንብህ ብለው ይዘውታል።»

«ለድልድይ ፎቶ?»

«የሠርጉ ፎቶ ነው እኮ። ድልድዩ ከኋላው ቆሞ ተገኘ።» ዘርፈሽ በአገጯ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተች። «አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ሳጥን ጋር ስታወሪ ትውያለሽ። ጃሱሳ ናት፣ ሰላይ ናት ለመባል ምን ቀረሽ?»

«እያስተማርኩ ነው፣ ዘርፌ።»

«ለእነሱ ንገሪያቸው። እዚህ ለመድረስ አራት ቤት ነው የቀራቸው።» ልጆቿ ብቻቸውን ነበሩና ተመልሳ ወጣች።

ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። «ዑስታዛ፣ ድምፅዎ ጠፋ» አለ ተማሪዋ ተውፊቅ፤ ያለው ፖርት ሱዳን ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ወዲህ ሠላሳ አንዱ ተማሪዎቿ እዚያም ካይሮም ተበትነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። እሷ የኢንተርኔት ሸበካ ከሚይዝላት ብቸኛ ቦታ፣ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ታስተምራለች። ካሜራዋን አንድም ቀን ከፍታ አታውቅም። ሸበካው አይችልም ትላቸዋለች። እውነቱ ግን የት እንዳለች ማንም እንዳያውቅ ትፈራለች።

«አሥር ደቂቃ ዕረፍት ውሰዱ» አለቻቸውና ከፍራሹ ሥር ጥቁሯን ዲስክ አወጣች።

የሦስት ዓመት ምርምሯ እዚያች ውስጥ ነው። ካርቱም ያሉ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዐረብኛ የሚናገሩትን የሚረዳ ፕሮግራም እየሠራች ነበር፤ የታመመች ሴት ደውላ በለመደችው አነጋገር ሐኪም እንድታገኝ። ለዚህም የስድሳ ሦስት ሴቶችን ድምፅ ቀዳች። ስለ ራሳቸው ስትጠይቃቸው አንገታቸውን ይደፉባት ነበር። አንድ ቀን ግን ቁልፉን ያገኘች መሰላት፤ «የምትሠሪበትን ቤት ከበሩ ጀምረሽ ንገሪኝ» አለች። ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ስንት ክፍል እንዳለ፣ የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ፣ የእመቤቷ ሣጥን የትኛው አልጋ ሥር እንደሚገፋ፣ በየዕለቱ የሚጠርጉትን ቤት በቃላቸው ይወጡታል። ያኔ በጥያቄዋ ኮርታ ነበር። አሁን ዲስኳ እጇ ላይ ስትከብድ፣ የሰበሰበችው ለዘራፊ የሚመች የስድሳ ሦስት ቤቶች ካርታ እንደሆነ ገባት።

ሀጀራ በሩ አጠገብ ቆማ ታያታለች። «የእኔም እዚያ ውስጥ አለ?»

«የመጀመሪያው የአንቺ ነው፣ ዩማ» አለቻት እናቷን።

«ስለ ሐጃ ቤት የነገርኩሽ?»

«አዎ።»

ሀጀራ ተቀመጠች። ዐማራት በሚባለው ሰፈር፣ ሐጃ ቤት፣ ሃያ ሁለት ዓመት በሠራተኝነት ኖራለች። ልጆቻቸው ሲሸሹ አሮጊቷ እግሬ አይችልም ብለው ብቻቸውን ቀርተዋል። «የጓሮው በር መቀርቀሪያው ልል እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ወርቁንም፤ የዱቄቱ በርሜል ውስጥ እንዳለ።» ድምፅዋ አነሰ። «እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት።»

«ያስከፈትኩሽስ እኔ አይደለሁ?»

ዲስኳን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታ ስድሳ ሦስቱን ፋይሎች መረጠች። ጣቷ ግን አልወርድ አለ። ሌላው ቅጂ ከዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ጋር ተቃጥሏል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሀጀራ።

«ድምፅሽ ነው፣ ዩማ። በመሐሉ ትስቂያለሽ።»

«ይኸው እዚህ አለሁልሽ አይደል? ሳቄን ከፈለግሽ ቆይተሽ ታስቂኛለሽ፤ ኢንሻአላህ። አጥፊው።»

አጠፋችው። ማጥፋት ብቻ ግን እንደማይበቃ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የጠፋ ፋይል በላዩ ሌላ ካልተጻፈበት፣ የሚያውቅ ሰው ያስነሣዋል። ዲስኳን እስከ አፍ ገደፏ የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። ያን ያህል ብዙ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሸበካ ለሚጠፋባቸው ተማሪዎች ስትል የቀዳቻቸው የስድስት ወር ትምህርቶች። ሁሉንም ወደ ዲስኳ መገልበጥ ጀመረች። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል፣ አለ ኮምፒውተሩ።

ማይክሮፎኑን ከፈተች። «ያላ፣ እንቀጥል።»

አስተማረች። ምን እንዳለች አታውቀውም። የአንዱ ጎረቤት የብረት በር ሲጮህ ሰማች፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሌላው በር ጮኸ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰና በአንድ ጊዜ ዝም አለ፤ ሰባት ደቂቃ። ሀጀራ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ታደርጋለች። ከግድግዳው ማዶ የቦት ጫማ ኮቴ ቆመ፤ አንድ ደቂቃ።

የእነሱ በር በእግር ተመታ።

ኮምፒውተሩን ዘግታ ፍራሹ ሥር ልትከተው እጇን ዘረጋች። ብትዘጋው ግልበጣው ይቋረጣል። ደግሞም የተደበቀ ኮምፒውተር የጃሱሳ ነው፤ የተከፈተ ግን የመምህርት ሊሆን ይችላል። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ልክፈትላቸው?» አለች ሀጀራ በሹክሹክታ።

«ክፈቺላቸው፣ ዩማ።»

ከዚያ ወደ ተማሪዎቿ ዞረች። «ስሙኝ፤ ካሜራዬን ልከፍት ነው። የምታዩትን እዩ፤ ምስክር ትሆኑኛላችሁ። ማንም ከክፍል እንዳይወጣ።»

«ሸበካው ይችላል እንዴ፣ ዑስታዛ?» አለ ተውፊቅ።

የካሜራውን ምልክት ተጫነችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ፊቷን ከሠላሳ አንዱ ተማሪዎቿ ጥቁር ሳጥኖች መሐል አየችው፤ በላብ ወርዝቷል። ከጀርባዋ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማች። ሻርፗን አስተካከለች፤ ኋላዋንም ሳትዞር፣

«አምስተኛው ስላይድ» አለች።